ከደብረ ብርሃን ወደ ኮሌጅቪል፦ ለሄክማን የምርምር ድጋፍ የማመልከት ሂደት ሲገመገም

ለሄክማን የምርምር ድጋፍ ያዘጋጀሁትን ማመልከቻ የላክሁት በጥቅምት ወር የመጨረሻ ሳምንት ሲሆን፣ መልሱ ገና አልደረሰኝም። ይህን ግምገማ መልሱ ሳይመጣ መጻፍ የመረጥሁት አውቄ ነው፤ ቢፈቀድልኝ ደስታው፣ ቢከለከለኝም ቅሬታው ፍርዴን እንዳያዛባው ብዬ ነው። በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ በታሪክ ወይም በግእዝ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ምርምራቸውን በምን እንደሚቀጥሉት የሚጨነቁ ወጣቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትን እንዳየሁት አቀርባለሁ።

ድጋፉን የሚሰጠው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ ኮሌጅቪል ላይ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በ1965 እ.ኤ.አ. የአውሮፓን ገዳማት የእጅ ጽሑፎች በማይክሮፊልም አንሥቶ ለማቆየት የተቋቋመ ሲሆን፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በተካሄደው ሥራ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት የተነሡ ከ8,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ቅጂ በውስጡ ይገኛል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሸዋ ናቸው። ለሰሜን ሸዋ ሰው ቤተ መጻሕፍቱን የሚያቀርበው ሌላም ነገር አለ። መጻሕፍቱን ከ1976 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ለአሥርት ዓመታት ሲመረምሩ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሸንኮራ ተወላጅ ናቸው። በጥይት ቆስለው እግራቸው ከከዳቸው በኋላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ከዊልያም ማኮምበር ጋር ያዘጋጁት ባለ 10 ቅጽ ካታሎግ እስከ 5,000ኛው መጽሐፍ ይደርሳል። ያለዚያ ካታሎግ የእኔ ማመልከቻ አንድ እርምጃ አይራመድም ነበር።

የሚጠየቀው ሰነድ ጥቂት ነው። የጥናቱን ርእስ፣ የቆይታውን ጊዜና የሚፈለገውን ገንዘብ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከ1,000 እስከ 1,250 ቃላት ያለው የጥናት መግለጫ፣ ሲቪ፣ እንዲሁም አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀበላሉ፤ እኔ የተከተልሁት ጥሪ ቀነ ገደቦቹን ኤፕሪል 15 እና ኖቬምበር 15 ብሎ ያስቀመጠ ሲሆን፣ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 7 እና ኅዳር 6 ገደማ መሆኑ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ፣ ከሁሉም የጠቀመኝም የጥናት መግለጫው ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመንና ስለ አንኮበር ታላቅነት ሁለት ገጽ ሙሉ ይተርክ ነበር። መግለጫው የሚፈልገው ግን ይህን አይደለም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ክምችት ጥናቱን በምን መንገድ ወደፊት እንደሚያራምደው እንዲብራራ ነው። ድጋፉ የታሰበውም እነዚያን ሰነዶች ሳያዩ ምርምራቸው ሊቀጥል ለማይችል ጀማሪ ተመራማሪዎች ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን መጻሕፍት በኢንተርኔት የንባብ ክፍሉ ያለ ክፍያ ስለሚያሳይ፣ እቤት ተቀምጦ ማንበብ እየተቻለ ውቅያኖስ መሻገር ለምን እንዳስፈለገ በቅንነት መመለስ ግድ ይላል። ይህን ጥያቄ በቅጡ ሳይመልስ ማመልከቻውን የሚልክ ሰው ድካሙን ከንቱ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

መልሱን ያገኘሁት አንድ ሌሊት በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ዐይኔን ተክዬ ነው። ጥናቴ በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ በተጻፉ የመሬትና የስጦታ ማስታወሻዎች ላይ ያተኮረ ነው። ከአንኮበር አካባቢ በተነሣ አንድ መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠል ላይ፣ ከመጽሐፉ ጸሓፊ በተለየ እጅ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ነበረበት፤ የባለቤቱ ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ገብቷል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ፣ በቀይ ቀለም የሚጻፉት የቅዱሳን ስሞች ሁሉ ደብዘዝ ብለው፣ ከተፋቀው ጽሑፍ ጋር አንድ መልክ ይዘው ይታያሉ፤ ቀዩን ከተፋቀው መለየት አልቻልሁም። በማግሥቱ ወደ ስፍራው ወርጄ ቄሰ ገበዙን አስፈቀድሁ፤ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥተው በነጭ ጨርቅ ላይ ሲዘረጉልኝ ቀዩ ቀይ፣ የተፋቀውም የተፋቀ ሆኖ ታየኝ። በፊልሙ ላይ ሙሉ የነበረው የቅጠሉ የታችኛው ጠርዝ ግን ዛሬ ተበልቶ አልቋል፤ ማስታወሻው የሚያበቃበት መስመር በብራናው ላይ የለም። ከዚያ ወዲያ መግለጫዬ አንድ ነገር ብቻ የሚል ሆነ፦ እዚህ ያለው መጽሐፍ ቀለሙን፣ እዚያ ያለው ፊልም የጠፋውን መስመር ይዘዋል፤ በኢንተርኔት ገና ያልወጡትን ፊልሞች በስፍራው አይቼ፣ እዚህ ካሉት መጻሕፍት ጋር ላስተያያቸው እፈልጋለሁ። እኛ ከመጻሕፍቱ አጠገብ የምንኖር አመልካቾች ያለን ብልጫ ይህ ቅርበት ስለሆነ፣ በመግለጫው ውስጥ ጎልቶ መውጣት አለበት።

ስለ ድጋፍ ደብዳቤው አስቀድሜ ላስጠነቅቅ። ደብዳቤው በምስጢር፣ ከጻፈው ሰው በቀጥታ ለቤተ መጻሕፍቱ መላክ አለበት። በእኛ ልማድ ደግሞ ደብዳቤ ክብር የሚያገኘው ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ቲተርና ክብ ማኅተም አርፎበት ለባለጉዳዩ በእጁ ሲሰጥ ነው። የእኔው ደብዳቤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ዘጠኝ ቀን ከተቀመጠ በኋላ በታሸገ ፖስታ ተሰጠኝ። ይዤው ወደ አስተማሪዬ ተመለስሁና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ በኢሜይል ካልላኩት አይሆንም» አልኋቸው። «ታዲያ ማኅተሙስ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ያለ ማኅተም የሚላክ ደብዳቤ እኔን እንዳይጎዳኝ ሠግተው ነበር። የሚጽፍላችሁን ሰው ቀነ ገደቡ ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማችሁ፣ አሠራሩንም አስረድታችሁ ለምኑ።

የድጋፉ ደካማ ጎን ገንዘቡ ነው። ከፍተኛው መጠን 2,000 ዶላር ሲሆን፣ ለጉዞ፣ ለመኝታና ለምግብ፣ እንዲሁም ለቅጂ ክፍያ እንዲውል ተፈቅዷል። ቆይታው ከሁለት ሳምንት እስከ ስድስት ወር ሊሆን ይችላል ቢባልም፣ ከቦሌ ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ አብዛኛውን ስለሚወስደው፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ጠይቄአለሁ። ከሌላ ምንጭ ገንዘብ መጨመር አይከለከልም፤ ይህ ግን መሥሪያ ቤቱ የጉዞ በጀት ላለው ተመራማሪ እንጂ ለእኛ ብዙም የሚፈይድ አይደለም። በአንጻሩ ለቅጂ የተፈቀደውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከቆይታ በኋላ የሚቀጥለው የንባብ ሥራ ዓመታት ስለሚወስድ፣ በበጀት ዝርዝሬ ውስጥ ለቅጂ የያዝሁት ድርሻ ለመኝታ ከያዝሁት ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ብዬም ማመልከት ይገባል እላለሁ፤ በተለይ ሁለተኛ ዲግሪውን በቅርብ የጨረሰ ሰው ጊዜ ሳያጠፋ ቢያመለክት ይሻላል፤ ዕድሉ ክፍት የሆነው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የትምህርታቸውን ማጠቃለያ ዲግሪ ካገኙ ሦስት ዓመት ላላለፋቸው ነውና። በዚህ ወሰን ምክንያት የአብነት መምህራኖቻችን፣ ቅኔና ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ የእነዚህን መጻሕፍት ቋንቋና የአጻጻፍ ልማድ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሊቃውንት፣ ዲግሪ ስለሌላቸው ማመልከት አይችሉም። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። በዚያ ማስታወሻ ላይ የተፋቀውን ስም ፊደል በፊደል ያነበቡልኝ አንድ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኔ ከአንዲት «ወልደ» በቀር ምንም አላየሁም ነበር። ማመልከቻው ስለ እንዲህ ያለ እገዛ የሚጠይቅበት ቦታ ስለሌለው፣ ከ1,250ው ቃላት ሥልሳ ያህሉን ቀንሼ፣ ንባቡ የእርሳቸው መሆኑን ከነስማቸው በጥናት መግለጫው ውስጥ ጻፍሁት።