አዳማ ላይ የተሰበረ ብሎን ያወጡልኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ 12 ቀን ቆየሁ። ሥራው መያዙን መንገድ ላይ ሳላይ ሰውን ወደ ማንም ጋራዥ መጠቆም አልፈለግሁም። አሁን አይቻለሁ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ድሬዳዋ ደርሳ ተመልሳለች። ትናንት ሹፌሩ ሲመለስ ጋቢናዋን እንኳ ሳላነሳ ድምጿን ሰምቼ ደስ አለኝ።

የባለሙያውን ስም አልጽፍም። «ሥራውን ከወደድከው ሥራውን ንገር፣ ስሜን ተወው» ብለውኛል። ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ነው የሚሏቸው። እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

አንድ አይሱዙ አለችኝ። ከመቂ ሽንኩርት ትጭንና ወደ ድሬዳዋ ትሄዳለች። የቤቴ እንጀራ እሷ ናት። አንድ ማክሰኞ ሌሊት ከአዳማ ወጥታ ወለንጪቲ ሳትደርስ ሹፌሩ ደወለልኝ። ሞተሩ ትስ ትስ ይላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች አለኝ። ጋቢናውም በጭስ ሽታ ተሞልቷል። ቀስ ብለህ ተመለስ አልኩት። ሽንኩርቱን ሲነጋ ሌላ መኪና ላይ አዛወርነው። ሽንኩርት መካኒክ አይጠብቅም።

የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ብረት) ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር የሚታሰርበት ቦታ ነበር የሚያፈሰው። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ) ያለው የናፍታ ሞተር እዚያ ጋ ካፈሰሰ ጉልበቱ ይወርዳል። ተርቦውን የሚያሽከረክረው ያ ጭስ ነው። ጭሱ መንገድ ላይ ካመለጠ ተርቦው በደንብ አይዞርም፣ አየር ያንሳል፣ ናፍታው በደንብ አይቃጠልም። ጥቁሩ ጭስ የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው፣ ጋሼ ካስረዱኝ ወዲህ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ሌላ ጋራዥ ነበር። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ ቸኩለው ነው። ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ብሎን ላይ ኪያቬ (የብሎን መፍቻ) ገጠሙ፣ ኪያቬው ላይ ረጅም ቱቦ ሰኩ፣ ሁለት ሆነው ተንጠለጠሉበት። አንዱ ብሎን ቀጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው። ከዚያ የተነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቴስታታው ይውረድ፣ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቆረጥበትና የሚስተካከልበት ቤት) ይሂድ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን። የገንዘቡን መጠን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ለጊዜው በቀሩት ብሎኖች አሳስሬ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ።

ጋሼን የነገረኝ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ወዳጄ ነው። «ብሎን ከሆነ ሌላ ቦታ አትሂድ» አለኝ። ጋራዡ ወደ ወለንጪቲ በሚያወጣው መንገድ በኩል ነው። ትንሽ ግቢ ናት። ከአንድ መኪና በላይ በጥላው ሥር አይቆምም።

ስንደርስ ሞተሩን አላዩም። «የተሰበሩት ብሎኖች ጭንቅላት የት አለ?» ነው ያሉት። እኔ አላሰብኩበትም። ደግነቱ የመኪናዋ ረዳት ልጅ አንዱን ኪሱ ከትቶት ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ፀሐይ ላይ ወጡና የተሰበረውን ፊት አገላብጠው አዩት። ግማሹ ጥቁርና የዛገ ነበር። ግማሹ የሚያብረቀርቅ። «ይሄ ጥቁሩ ድሮ ነው የተሰነጠቀው። ትናንት የተሰበረው ይሄ ነጩ ብቻ ነው። ልጆቹን ብቻ አትውቀስ፣ ብሎኑ ቀድሞ ታሞ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው የተናገሩት ነው ልቤን ያሳረፈው። «ዳር ያለ ብሎን እንዲህ የሚሰነጠቀው ማኒፎልዱ ሲጣመም ነው። ብሎኑን አውጥቼ ማኒፎልዱን ካላየሁት ከወር በኋላ ተመልሰህ ትመጣለህ።»

እኔ የመጣሁት ብሎን ላስወጣ ነበር። እሳቸው ግን ብሎኑ ለምን ተሰበረ ብለው ነው ሥራ የጀመሩት።

ቴስታታውን ሳናወርድ ይወጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሳልሞክር አላውቅም» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «አንተ ብቻ ተወው ለኔ» ይለኝ ነበር። እንዳይሆን ከሆነም ቴስታታውን እንደሚያወርዱት፣ የሞከሩበትን ግን እንደማያስከፍሉኝ አስቀድመው ነገሩኝ።

የቀሩትን ብሎኖች ሲፈቱ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ዙሪያውን በእሳት አሞቁ። ከዚያ ረዳቱን «ሱቅ ሂድና ጧፍ ግዛ» አሉት። ጧፍ ለምን ብዬ ገረመኝ። በጋለው ብሎን ሥር ሲያስነኩት ሰሙ ቀልጦ በፊሌቱ (በብሎኑ ጥርስ) መሃል ሰርጎ ገባ። ትንሽ ጠበቁ። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ጥቂት ገፋ አደረጉት፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። እንደገና ወደ ማጥበቂያው። ሩብ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ሲከብድ አቁመው ዘይት ጨመሩ። አንድም አልተሰበረም። በዚያኛው ጋራዥ ሁለት ሰው የተንጠለጠለበትን ዓይነት ብሎን እሳቸው በአንድ እጅ ፈቱት።

ማኒፎልዱ ሲወርድ የሁለቱ ስባሪዎች ነገር ለየ። አንዱ ከቴስታታው ፊት ጋር እኩል ነው። ሌላው ወደ ውስጥ ጠልቋል።

እኩል የሆነውን በብየዳ አወጡት። መጀመሪያ ባትሪውን ነቀሉ። የናፍታ ቱቦዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑ። አሸዋ የሞላ ባልዲ አስቀረቡ። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ምስክር ናቸው። ነፋስ ብየዳውን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ ይሰነጥቀዋል ብለው የኔኑ የጭነት ሸራ አስወጥረው ከበቡት። ስባሪው ላይ ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) አስቀመጡ፣ በላዩ ዳዶ (ብሎን የሚታሰርበት ባለ ቀዳዳ ብረት)፣ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ በቀጭን ኤሌክትሮድ በየዱት። ፍሙ ቀይነቱን እስኪተው ጠበቁና ኪያቬ አገቡ። ዳዶው ተነቀለ፣ ስባሪው ቀረ። እንደገና በየዱ። አሁንም ተነቀለ። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እሳቸው «ያው በተበየደ ቁጥር ዝገቱ እየላላ ነው፣ ሙቀቱ አይባክንም» አሉ። በሦስተኛው ስባሪው ከዳዶው ጋር አብሮ ሲዞር ድምፁን ሰማሁት። ጭርር ብሎ እንደ ዛገ በር ነው የሚጮኸው። ረዳቱ አጨበጨበ።

የጠለቀው ግን የሚበየድ አልነበረም። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥታቸውን ያየሁት። ብዙ ሰው ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ይዞ በዓይን ግምት መብሳት ይጀምራል። ፑንታው ከጠንካራው ብሎን ይንሸራተትና የቴስታታውን ፊሌት ይበላል። ጋሼ ጎረቤት ቶርኖ ቤት ሄደው ትንሽ የብረት ቀለበት አስቆረጡ። ውጪው በማኒፎልዱ ቀዳዳ ልክ፣ ውስጡ 4 ሚሊሜትር። ማኒፎልዱን በጥቂት ብሎን መልሰው አሰሩት፣ ቀለበቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተቱት። ፑንታው ወዴትም መሄድ አይችልም። መሃል ላይ ብቻ።

ልክ መብሳት ሲጀምሩ መብራት ሄደ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ሻይ አስመጡ። ያኔ ነው ስለተሰበረ ብሎን ማውጫው ያስተማሩኝ። ያ ሾጣጣ፣ በግራ ጥርስ የተሠራ ብረት። «ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ብሎኑ ሳይላላ በኃይል አትጠምዝዘው። በጣም ጠንካራ ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም። ብዙ ቴስታታ ቶርኖ ቤት የሚሄደው በተሰበረው ብሎን አይደለም፣ ውስጡ በተሰበረው ማውጫ ነው» አሉኝ። መኪና ያላችሁ ይህቺን ያዙልኝ። ማንም ሰው ሞተራችሁ ላይ ይህን ዕቃ ይዞ ሲታገል ካያችሁ አስቁሙት።

መብራት ሲመጣ በ4 በሱ። ከዚያ ወደ ግራ እየዞረ የሚበሳ ባለ 6 ፑንታ አወጡ። እስከ 8.8 ሚሊሜትር ድረስ መሄድ እንደሚችሉ፣ ከዚያ ካለፉ የቴስታታውን ፊሌት እንደሚነኩ ነገሩኝ። ብሎኑ ባለ 10 ሚሊሜትር ነው። ግን እስከዚያ አልደረሱም። ፑንታው መሃል ላይ ሲደርስ ስባሪውን ያዘው። ስባሪው እየዞረ ወደ ውጭ መጣ፣ ፑንታው ላይ እንደተሰካ። ጋሼ መሰርሰሪያውን አጥፍተው ዝም ብለው አሳዩኝ። እኔ ግን አቅፌያቸዋለሁ፣ እጃቸው ዘይት እንደሆነ።

የቀረው ማኒፎልዱ ነበር። ቀጥ ያለ ብረት ፊቱ ላይ አጋድመው ከኋላው ባትሪ አበሩ። በዳሩ በኩል ብርሃን ያልፋል። ተጣሟል። ቶርኖ ቤት ፊቱ ተስተካከለ። አዲስ ጋስኬት (በማኒፎልዱና በቴስታታው መሃል የሚገባ ማሸጊያ)፣ አዲስ ብሎኖች። ፊሌቱን ሁሉ አጸዱ፣ ብሎኖቹን ሙቀት የሚችል የመዳብ ግሪስ ቀቡ፣ ወደፊት የሚፈታቸው ሰው እንዳይቸገር። ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቁ፣ በሦስት ዙር፣ የጥብቀቱን ልክ በሚለካ ኪያቬ አጠበቁ።

ጠዋት 2 ሰዓት የገባች መኪና በማግስቱ 5 ሰዓት ላይ ወጣች። ለእጃቸው የጠየቁኝ 4,500 ብር ነው። የቶርኖ ቤቱንና የዕቃውን ራሴ ከፈልኩ። ከመጀመሪያው ድሬዳዋ ምልልስ በኋላ አምጣት ብለውኝ ነበር። ወሰድኳት፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈተሹ፣ ሳንቲም አልተቀበሉም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም። በስንት ሰዓት ይደርሳል ብትሏቸውም ቁርጥ ሰዓት አይሰጧችሁም። ለቸኮለ ሰው ይከብዳል፣ እኔንም ከብዶኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሁድ አይሠሩም። የጋራዡን ትክክለኛ ቦታ ለፈለገ በውስጥ መስመር እነግራለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እኔና ሹፌሩ፣ ረዳቱም ጭምር፣ ውለታዎን አንረሳም።

ስትሄዱ ደግሞ የተሰበረውን ብሎን ጭንቅላት ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።