የሰሊን ቤት ለሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ቻንቲሊ፣ ቨርጂንያ የሚገኘውን የሰሊ ታሪካዊ ቤት የሚንከባከቡትንና የሚያስጎበኙትን በጎ ፈቃደኞች በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። በዋሽንግተንና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼም ልጆቻችሁን፣ ከአገር ቤት የመጡ ወላጆቻችሁንም ይዛችሁ እንድትሄዱ አደራ እላለሁ።

ብዙዎቻችን በዚህ ቤት ደጃፍ ሳናውቀው እንመላለሳለን። እንግዳ ለመቀበል ሩት 28 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የነዳ ሰው ሁሉ ሰሊ ሮድ የሚለውን ሰሌዳ አይቷል። እዚያ በታክሲ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ወንድሞቻችን ደግሞ መንገዱን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቤቱ ከዚያው መንገድ ዳር፣ ከዛፎቹ ጀርባ ነው።

ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ነው፤ በ1794 እ.ኤ.አ. ነው የተሠራው። ባለቤቱ ሪቻርድ ብላንድ ሊ በኮንግረስ የሰሜን ቨርጂንያ የመጀመሪያው እንደራሴ ነበር። ዛሬ የምንኖርባት ዋና ከተማ በፖቶማክ ወንዝ ዳር እንድትቆረቆር ያስቻለው የ1790ው ስምምነት ሲደረግ ድምፃቸውን ከቀየሩት እንደራሴዎች አንዱ እርሱ ነው። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የደቡቡን ጦር የመራው የጄኔራል ሮበርት ሊ አጎትም ነው። መሬቱ የአባቱ ርስት ነበር። ትንባሆ ያደከመውን አፈር ስንዴና በቆሎ እየዘራ፣ የፍራፍሬ ዛፍ እየተከለ፣ ላም እያለበ ሊያቋቁመው ሞከረ። እርሻው የቆመው ግን በእርሱ ጉልበት አልነበረም። ያረሱት፣ ያጨዱት፣ ምግብ ያበሰሉት፣ ልብስ ያጠቡት በባርነት የተያዙ ጥቁር ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነርሱንም እንደ መሬቱ ከአባቱ ወርሷቸዋል።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከዚህ በፊት ባየኋቸው አንዳንድ የድሮ ባለጸጋ ቤቶች አስጎብኚዎቹ ስለ ሸክላ ሳህኑና ስለ መጋረጃው ረዥም ሰዓት ያወራሉ፤ ሳህኑን ማን እንዳጠበው ስትጠይቋቸው ግን ወሬ ያስለውጣሉ። ሰሊ ላይ እንዲህ አይደለም። እኛን ያስጎበኙን በጎ ፈቃደኛ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው (ስማቸው በይፋ እንዲጻፍ አልፈለጉም)። የእንግዳ መቀበያውን ክፍል ካሳዩን በኋላ ጊዜ ሰጥተው ያቆዩን ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበር።

ወጥ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ የተሠራ ነው፤ የልብስ ማጠቢያውም እዚያው ነው። እሳት ቢነሳ መኖሪያውን እንዳያቃጥለው፣ ሙቀቱና ጭሱም ለጌቶቹ እንዳይደርስ ታስቦ ነው። ምድጃው ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ያህል ሰፊ ነው። መምህርቷ ልጄን አስጠግተው ባዶውን የብረት ድስት በሁለት እጇ እንድታነሳ ጠየቋት። ታግላ ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ አደረገችው። «አሁን ውኃና ሥጋ ሙይበት፤ ሥሩም እሳት አለ፤ ቀሚስሽም እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጨመሩም። ልጄ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጉብኝቱ እስኪያልቅ ከጎናቸው አልተለየችም።

ከድንጋይ የተሠራው የወተት ቤት አጠገብ ስንደርስ ደግሞ ተራው የአባቴ ሆነ። አባቴ ከአገር ቤት ሊጠይቁን የመጡ አዛውንት ናቸው። ወተቱ በቀዝቃዛ ቦታ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ቅቤው እንዴት እንደሚወጣ ሲነገር እናታቸው ወተት ይንጡ የነበረበትን ሁኔታ አስረዱ፤ እኔ ተረጎምኩ። መምህርቷ በትህትና አዳመጡ፤ ማስታወሻም ያዙ። አባቴ ቀጥለው «በባርነት የነበሩት ሴቶች የሚወልዷቸው ልጆችስ የማን ነበሩ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ቀጥተኛ ነበር፦ በቨርጂንያ ከ1662 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣ ሕግ ሕፃን የእናቱን ሁኔታ ይወርሳል፤ እናቱ ባሪያ ከሆነች አባቱ ማንም ይሁን ማን እርሱም ባሪያ ነው፣ የእናቱ ጌታ ንብረት ነው። መምህርቷ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን አላለሳለሱትም።

በግቢው ውስጥ በቁፋሮ ጥናት ላይ ተመሥርቶ እንደገና የተሠራ የባሪያዎች ማደሪያ ጎጆ አለ። እዚያ ስንገባ ከድሮ የንብረት መዝገብና ከደብዳቤዎች የተገኙ ስሞችን እየጠሩ፣ እያንዳንዱ ምን ይሠራ እንደነበር ነገሩን። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መኪና ውስጥ እንዲህ አሉ፦ «እኛም አገር ትልልቁ ቤት ያለ ባሪያ አይቆምም ነበር። ስማቸውን ግን ማን ጻፈው?» እውነታቸውን ነው። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የአባቴ ወላጆች ያዩት ዘመን ነው። ስለዚህ ይህ ቤት የሌላ ሕዝብ ታሪክ ብቻ ነው ብዬ አልወሰድኩትም፤ እናንተም እንደዚያ እንዳታዩት እለምናለሁ።

ቤቱ ዛሬ መኖሩ ራሱ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ውጤት ነው። በ1811 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሊ በዕዳ ምክንያት ከሸጠው በኋላ እጅ እየቀያየረ ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የፌደራሉ መንግሥት ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ቻንቲሊን ሲመርጥ የሚነሳው መሬት ውስጥ ገባ። ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር። የአካባቢው ነዋሪዎችና የሊ ቤተሰብ ዘሮች ተነሱ፤ ኤዲ ዋግስታፍ የተባሉ ሰው፣ እንዲሁም በኋላ በደቡብ ቬትናም የአሜሪካ አምባሳደር የሆኑት ፍሬድሪክ ኖልቲንግ ከተሟገቱት መካከል ናቸው። በ1959 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቤቱ እንዲጠበቅ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። አውሮፕላን ማረፊያው በ1962 ተከፈተ፤ ቤቱም በቦታው ቀረ። አሁን የሚያስተዳድረው የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርኮች ባለሥልጣን ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹ ከሠራተኞቹ ጎን ሆነው ያግዛሉ።

ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የእንጨት ቤት ዝም ብሎ አይቆምም። እኔ በሙያዬ ቤት ጠጋኝ ስለሆንኩ ዓይኔ ወደ ጣሪያ ጠርዝና ወደ መስኮት ደፍ ነው የሚሄደው። ውኃ የሚያድርበት እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባበታል፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ በጊዜ ካልተሸፈነ ክረምት አያሳልፍም። ይህን ሁሉ ሳይታክት የሚከታተል፣ ዝርዝሩን መዝግቦ ባለሙያ የሚጠራ ሰው መኖሩን ቤቱን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ሥራ የሚያውቅ ሰው የእጅ ጥንቃቄ ከሩቅ ያስታውቀዋል። ሌሎቹ ደግሞ የአትክልቱን ቦታ ያርማሉ፤ ለትርኢት የሚለበሰውን የዘመኑን ልብስ ይሰፋሉ፤ በጥንቱ ምድጃ ምግብ አብስለው ለተማሪዎች ያሳያሉ። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ የላቸውም። እጅግ አድርጌ አከብራቸዋለሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። የቤቱ ውስጥ የሚታየው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድማችሁ በስልክ አረጋግጡ። በባርነት ስለነበሩት ሰዎች ሕይወት የተዘጋጀ ልዩ ጉብኝት አላቸው፤ ከመደበኛው ይልቅ እርሱን ምረጡ ብዬ እመክራለሁ። ትንንሽ ልጆች ቤት ውስጥ ቢሰለቹ ግቢው ሰፊ ነው፤ ከበላያቸው አውሮፕላን ሲያልፍ ማየት ለእነርሱ ሌላ ደስታ ነው። የአባቶች ቀን ላይ የጥንት መኪናዎች ትርኢት ይደረግበታል፤ ያን ቀን ሕዝብ ስለሚበዛ ቤቱን ተረጋግቶ ለማየት አይመችም። መንገዱን ተሻግሮ የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም ስላለ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ያላችሁም የበጎ ፈቃድ ሰዓቱን እዚያ ማሟላት ይችል እንደሆነ ጠይቁለት፤ ከብዙ ሥራ የተሻለ ትምህርት ያገኝበታል።

አባቴ ተመልሰው አገር ቤት ገብተዋል፤ በስልክ ስንገናኝ ግን እስካሁን «ያቺ መምህርት ደኅና ናት?» ይሉኛል። መምህርት ሆይ፣ እርስዎም እንዲያውቁልን ነው፦ አባቴም፣ ልጄም፣ እኔም እናመሰግንዎታለን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆች ይዛችሁ ለመሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት አብሬ ሄጄ ለመተርጎም ፈቃደኛ ነኝ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስንት እንደሆናችሁና የልጆቻችሁን ዕድሜ ግለጹልኝ፤ ከአስጎብኚዎቹ ጋር እኔ ቀጠሮ እይዛለሁ።