የገዛሁት የቋንቋ ካርታ፦ ካታላንኛን ውጦ ታጋሎግን ያበዛው

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ስቴሽነሪ የዓለም ቋንቋዎች ካርታ ገዛሁ። 650 ብር። ትልቅ ነው፣ ላሚኔት ተደርጓል፣ ከላይና ከታች የፕላስቲክ ዘንግ ስላለው ሲሰቀል አይጠቀለልም። ሻጩ «ውኃ ቢነካው ምንም አይሆንም» ብሎኝ ነበር፤ ልጆቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ሻይ ደፉበት፣ በጨርቅ ጠረግኩት፣ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ኅትመቱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ይዘቱ ላይ ግን አለኝ። ካርታው የቋንቋ ነኝ ይላል እንጂ የሚያሳየው አገር ነው። ድንበሩን ይወስድና አንድ ቀለም ይደፋበታል። ስፔን ሙሉ በሙሉ ስፓኒሽ፣ ፊሊፒንስ ሙሉ በሙሉ ታጋሎግ፣ አለቀ።

ከስፔን ልጀምር። ትልቁ ልጄ የባርሳ ደጋፊ ነው። ባርሴሎናን ካርታው ላይ ፈልጎ አገኘና «ስፓኒሽ ነው የሚያወሩት» አለኝ። ስፓኒሽማ ያወራሉ፤ ግን የክለቡ መዝሙርም፣ «ከክለብም በላይ» የሚለው መፈክሩም በካታላንኛ ነው። ቋንቋው ደግሞ ባርሴሎና ያለችበት የካታሎኒያ ክልል ላይ አይቆምም። ወደ ደቡብ ቫሌንሲያ ይወርዳል፣ እዚያ ሰዉ ቫሌንሲያንኛ ነው የሚለው። ማዮርካና ሌሎቹ የባሌሪክ ደሴቶች ላይ አለ። አራጎን የሚባለው የስፔን ክልል ምሥራቃዊ ጠርዝም ይናገረዋል። ድንበር ተሻግሮ ፈረንሳይ ውስጥ ፐርፒኞ ዙሪያ ታገኙታላችሁ፤ ያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1659 በፒሬኒስ ስምምነት ለፈረንሳይ የተሰጠ ነው። ከሁሉ የሚገርመው አልጌሮ ነው፣ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ ያለ የጣሊያን ከተማ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የአራጎን ንጉሥ ከተማውን ሲይዝ ነባሩን ሕዝብ አስወጥቶ ካታላኖችን አሰፈረበት፣ ቋንቋው ይኸው እስከ ዛሬ ጨርሶ አልጠፋም።

አንዶራ ላይ ስደርስ ግን ተናደድኩ። ፈረንሳይና ስፔን መሃል ያለች ሚጢጢ አገር ናት፣ ካታላንኛ ብቸኛው የመንግሥት ቋንቋዋ ነው። ካርታው አገር እየቆጠረ ነው ብለን እንኳ ብንተውለት፣ አንዶራ የራሷ ቀለም ይገባት ነበር። የስፔንን ቀባት! ካታላንኛ የሚችለው ሰው ሁሉም ተደምሮ ወደ 10 ሚሊዮን ይጠጋል። ዴንማርክ 6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይዛ የራሷ ቀለም አላት።

ታጋሎግ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ አብዝቶ ሰጠው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ100 በላይ ቋንቋዎች አሉ። የታጋሎግ የራሱ አገር ማኒላና ዙሪያዋ ነው፤ ቡላካን፣ ላጉና፣ ባታንጋስ፣ ከዚያ ወረድ ሲሉ ሚንዶሮና ማሪንዱኬ ደሴቶች። ሴቡ ብትሄዱ ሴብዋኖ ነው፣ ሰሜን ሉዞን ኢሎካኖ ነው። እርግጥ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፊሊፒኖን ብሔራዊ ቋንቋ ብሎታል፣ ፊሊፒኖ ደግሞ የተሠራው ታጋሎግ ላይ ነው። ትምህርት ቤትም ቴሌቪዥንም አለ፣ ስለዚህ ሁሉም ይሰማዋል። አፉን የፈታበት ግን ሁሉም አይደለም።

ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን ካርታውን ቆማ አየችው። ኩዌት ሰው ቤት ለዓመታት ሠርታለች። ጣቷን ባሕረ ሰላጤው ላይ አድርጋ «እዚህስ የታል ታጋሎጉ?» አለች። «አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ነበረች፣ ማታ ማታ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ እየሰማሁ ነው የምተኛው። አሁንም ቢሆን ሲሳደቡ ይገባኛል።» ሁላችንም ሳቅን፣ ግን እውነቷን ነው። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ የትም ብትሄዱ ታጋሎግ አለ። ሆንግ ኮንግ እሑድ እሑድ የቤት ሠራተኞቹ እረፍት ሲወጡ መሃል ከተማው ላይ ካርቶን አንጥፈው ሲያወሩ ይውላሉ። አሜሪካ ውስጥ ከእንግሊዝኛ፣ ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ቀጥሎ ቤት ውስጥ በብዛት ከሚነገሩት አንዱ ነው፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ በተለይ ካሊፎርኒያ። ካናዳም ዊኒፔግ ውስጥ ሞልቷል። ሠርቶ አዳሪን ካርታ ላይ መሳል ከባድ ነው፣ እሺ፣ እዚህ ላይ ብዙም አልፈርድበትም። ትንንሽ ነጥብ ቢያደርጉበት ግን ምን ነበረበት?

የእኛንም አገር በአንድ ቀለም ነው የቀባው፣ አማርኛ ብሎ። ኦሮምኛ የት ገባ? ሱማልኛስ? እዚሁ ሀዋሳ ከስቴሽነሪው በር እስከ ባጃጅ ተራው ስትሄዱ ሲዳምኛም ወላይትኛም ሰምታችሁ ነው የምትደርሱት።

ጥሩ የሠራው ነገርም አለ፣ አልክድም። ከታች የቋንቋ ቤተሰቦችን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው። ታጋሎግን ከማላይና ከማዳጋስካሩ ማላጋሲ ጋር አንድ ቤተሰብ ውስጥ አስገብቶታል፣ ልክ ነው። ልጆቹ ማዳጋስካር እዚሁ አፍሪካ አጠገብ ሆና ዘመዷ እስያ መሆኑን ማመን አቃታቸው፣ ያን ቀን እራት እስኪቀርብ ክርክሩ አልበረደም። ለዚህች ሰንጠረዥ ስል ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ።

ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። «ሌላ ዓይነት የለህም?» ስለው «የሚመጣው ይሄው ብቻ ነው ጋሼ» አለኝ። ለክፍል ግድግዳ የምታስቡ መምህራን ባትገዙት ይሻላል፣ ተማሪ ያየውን ነው የሚይዘው። ለቤት ከሆነ ግዙት፣ ስቲከርም ጨምሩ፣ እኛ አንዶራና አልጌሮ ላይ ቀይ ለጥፈናል። የታችኛውን ዘንግ ሳታዩ ግን እንዳትወጡ፣ አንዳንዱ ጫፉ የተሰነጠቀ ነው። ዋጋም ተከራከሩ፤ ከእኔ ኋላ የነበረው ሰውዬ በ550 ወስዶታል።