ሄልዝኬር ዶት ጎቭ በግሉ ለሚሠራና ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለበት

አሜሪካ ውስጥ ለራይድሼር ሾፌር፣ ለትራክ ነጂ፣ ለፀጉር ሠሪ፣ በአጭሩ አሠሪ ለሌለው ሰው የጤና ኢንሹራንስ ለመግዛት ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ከሄልዝኬር ዶት ጎቭ የተሻለ በር የለም። ፎርሙ ያሰለቻል፤ ግን ስለ ስኳራችሁ አይጠይቅም። ከ2014 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ ኢንሹራንስ በነባር ሕመም ምክንያት መከልከልም ዋጋ መጨመርም አይችልም። ዋጋውን የሚለዋውጡት ዕድሜ፣ የምትኖሩበት አካባቢ፣ ሲጋራ፣ የቤተሰብ ብዛትና የፕላኑ ዓይነት ናቸው።

ሰው የሚሳሳተው ገቢው ላይ ነው። መጻፍ ያለበት በ1099 (ከፋዮች በሚልኩት የገቢ ቅጽ) የመጣው ጠቅላላ ሳይሆን የሥራ ወጪ ወጥቶለት ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ትርፍ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ) ላይ የሚቀረው ነው። 58,000 ዶላር አስገብቶ 24,000 ለሥራው ያወጣ ሾፌር የሚሞላው 34,000 ነው። ጠቅላላውን የሞላ መንግሥት ለወርሃዊ ክፍያው የሚሰጠው ድጎማ ያንስበታል፣ ጭራሽ ሊቀርበትም ይችላል። አሳንሶ የሞላ ደግሞ ታክስ ሲሠራ በትርፍ ያገኘውን ድጎማ በፎርም 8962 ይመልሳል፤ ከ2026 የታክስ ዓመት ወዲህ ለሚመለሰው ገንዘብ ጣሪያ የለውም። ሥራው ሲጨምር ወይም ሲቀዘቅዝ በዚያው ወር ገብቶ ማስተካከል ይሻላል። ማስረጃ ከጠየቁ ገቢና ወጪ በየወሩ የሰፈረበት ሌጀር (የሒሳብ መዝገብ) ይበቃል።

ብሮንዝ የሚባለው የፕላን ደረጃ ወርሃዊ ክፍያው ይማርካል፤ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) ግን አይቀመስም። ገቢያችሁ ከድህነት ወለል 250 ፐርሰንት ካላለፈ ሲልቨር የሚባለውን ደረጃ ያዙ፦ ዲዳክቲብልና ኮፔይ (በየሕክምናው የምትከፍሉት) የሚቀንሰው ተጨማሪ ድጋፍ የሚሰጠው በሲልቨር ብቻ ነው። ፕላኖቹን ስታወዳድሩ የመድኃኒታችሁን ስም ከነመጠኑ አስገቡ። ሐኪማችሁ ፕላኑን ይቀበል እንደሆነ ግን ክሊኒኩ ጋ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የኔትዎርክ (ከፕላኑ ጋር የሚሠሩ ሐኪሞች) ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው።

ፕላን መረጥኩ ብሎ የሚተኛም አለ። የመጀመሪያው ወር ፕሪሚየም (ወርሃዊው ክፍያ) ለኩባንያው እስኪከፈል ኢንሹራንሱ አይጀምርም።

ጉግል ላይ ከላይ የሚመጡት ማስታወቂያዎች ግን ሌላ ናቸው። ስልክ ቁጥራችሁን ከሰጣችኋቸው ጥሪው አያባራም፤ የሚሸጡላችሁም ሾርት ተርም የሚባለው የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ ሊሆን ይችላል። እሱ ስለ ሕመም ይጠይቃል፣ ነባሩንም አይሸፍንም።

ምዝገባው ኖቬምበር 1 ይከፈታል፤ ሽፋኑ ጃንዋሪ 1 እንዲጀምር እስከ ዲሴምበር 15 ጨርሱ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ የየራሳቸው ድረ ገጽ ስላላቸው ስቴታችሁን ስትመርጡ ወደዚያ ይመራችኋል።