«ሙሉ ፓኬጅ ፒኤስ4፣ 30 ጌም የተጫነበት»፦ ጅማ ላይ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

«ፒኤስ4 ስሊም፣ 500 ጊጋ፣ 2 ኦርጅናል ጆይስቲክ፣ 30 ጌም የተጫነበት፣ ሙሉ ፓኬጅ።» ያገለገለ ፒኤስ4 (የሶኒ ፕሌይስቴሽን 4 የጌም ማሽን) ለመሸጥ በቴሌግራም የሚዞሩት ማስታወቂያዎች ቃላቸው ይለያይ እንጂ ነገራቸው ይኸው ነው። እስቲ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። 500 ጊጋ የተባለ ማሽን ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ከወሰደ በኋላ ለጌም የሚተርፈው ወደ 400 ጊጋ ግድም ነው። የዘመኑ የእግር ኳስ ጌም አንዱ ብቻውን ወደ 40 ጊጋና ከዚያም በላይ ይይዛል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ከ80 አልፈው 100 ይደርሳሉ። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ደህና ደህና ጌም ከ8 እስከ 10 ቢገባ ነው። 30ው ከየት መጣ? ወይ አብዛኛው ማንም የማይጫወተው ቅራቅንቦ ነው፣ ወይ ስሙ ስክሪኑ ላይ ተደርድሮ ሲነካ የሚቆለፍ ነው።

የጌም ብዛት ማጥመጃ ነው። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ብራችሁ መውጣት ያለበት ለማሽኑ፣ ለጆይስቲኩና በእጅ ለሚያዝ ዲስክ ነው። «ተጭኗል» የሚባለው ጌም ሁለት ዓይነት ሲሆን ሁለቱም የእናንተ አይሆንም።

አንደኛው ጄልብሬክ፣ በሠፈር ቋንቋ «ሃክ» የሚባለው ነው። ማሽኑ አንድ የቆየ የሲስተም ቨርዥን ላይ እንዲቆም ይደረግና በዚያ ቨርዥን ክፍተት በኩል ያልተገዛ ጌም ይጫንበታል። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ቨርዥኑን እዩ፤ 9.00 ወይም 11.00 ላይ የቆመ ከሆነ ሃክ የተደረገ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ ሃኩ ቋሚ አይደለም። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በበራ ቁጥር እንደገና መሠራት አለበት፤ ጅማ ላይ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ደግሞ ለማንም መንገር አያሻም። 9.00 ላይ ያለው ለዚሁ የተዘጋጀ ፍላሽ ይፈልጋል። 11.00 ላይ ያለው በኔትወርክ ገመድ የሚገናኝ ኮምፒውተር ወይም ሥራውን የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ይፈልጋል። ሻጩ ጌሙን አስጀምሮ ካሳየ በኋላ ፍላሹን ኪሱ ከከተተ፣ ቤት ይዛችሁ የምትገቡት የተቆለፈ የጌም ዝርዝር ነው። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ዋይፋይ አገናኝቶ «አፕዴት» የሚለውን ቢነካ አለቀ፤ ሲስተሙ ወደ ኋላ አይመለስም። ኦንላይንም አይታሰብም፣ የሶኒ ኔትወርክ የመጨረሻውን ቨርዥን ካልያዘ ማሽን ጋር አይገናኝምና። «ኦንላይንም ይሠራል፣ ሃክም ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አንዱ ውሸት ነው።

ሁለተኛው የአካውንት ጌም ነው። ይህኛው ይበልጥ ያታልላል፣ ምክንያቱም ጌሙ እውነተኛ ነው፤ የተገዛው ግን በሌላ ሰው አካውንት ነው። ባለቤቱ ማሽኑን «ፕራይመሪ» አድርጎ ስለመዘገበው ማንም ቢገባ ጌሙ ይከፈታል። ችግሩ የአካውንቱ የይለፍ ቃል በሻጩ እጅ መሆኑ ነው። ማሽኑን ከሸጠላችሁ በኋላ በስልኩ ገብቶ ምዝገባውን ሊሰርዝና ያንኑ አካውንት ለሌላ ሊሸጥ ይችላል። የዚያን ዕለት ጌሞቹ ላይ የቁልፍ ምልክት ታያላችሁ። ይህ የሚሆነው ደግሞ ወዲያው አይደለም፤ ሳምንታት ቆይቶ ነው፣ ያን ጊዜ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

አካውንቱ ፕራይመሪ መሆን አለመሆኑን እዚያው መለየት ይቻላል። ኢንተርኔቱን አቋርጡ፣ አዲስ ዩዘር ፍጠሩ፣ በዚያ ዩዘር ጌሞቹን ክፈቱ። ካልተከፈቱ ሻጩ በራሱ ዩዘር ስለገባ ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ቢከፈቱም ከላይ ያለው አደጋ እንዳለ ነው። የራሳችሁን አካውንት ስትከፍቱ ደግሞ ሶኒ ኢትዮጵያን በአገር ዝርዝሩ ስላላስገባ ሰው ሁሉ በሌላ አገር ስም ነው የሚከፍተው። አገሩ አንዴ ከተመረጠ አይቀየርም፤ የጌም መግዣ ካርድ ስትገዙም የዚያው አገር ካርድ መሆን አለበት። በአሜሪካ ስም በተከፈተ አካውንት ላይ የዱባይ ካርድ አይሞላም። ይህን ያላወቀ ሰው ካርዱን ፍቆ ኮዱን ካየ በኋላ ደግሞ ማንም አይመልስለትም።

ዲስክ ግን ዲስክ ነው። ይሸጣል፣ ይዋሳል፣ ይለወጣል። የፒኤስ4 ዲስክ ከየትም አገር ቢመጣ ይሠራል። ዲስኩን ማስገባት ብቻውን አያጫውትም፣ ጌሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ ሙሉ በሙሉ ይጫናል፤ ከተጫነም በኋላ ለመጫወት ዲስኩ ውስጥ መኖር አለበት።

አሁን ወደ ማሽኑ። ለመግዛት ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ፦ ከሰው የተዋሳችሁት አንድ የፒኤስ4 ዲስክ፣ ዳታ የሚያስተላልፍ ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ፣ ባለ ገመድ ኢርፎን። ጊዜም ይዛችሁ ሂዱ፤ ከ40 ደቂቃ በታች የሆነ ሙከራ ሙከራ አይደለም።

ከማብራታችሁ በፊት ማሽኑን በእጃችሁ ዳስሱት። መቀዝቀዝ አለበት። ሞቅ ካለ ቀድሞ ተነስቶ እንዲቆይ የተደረገ ሊሆን ስለሚችል አጥፍታችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ምክንያቱም የቺፑ ብየዳ የላላበት ማሽን ከቅዝቃዜ ሲነሳ ነው ችግሩ የሚታየው። ሰማያዊ መብራት እያበራ እየደበዘዘ ቆይቶ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ዋናው ቺፕ ነው፤ ተዉት። ነጭ መብራት በርቶ ምስል ከሌለ ብዙ ጊዜ ኤችዲኤምአይ ወደቡ (የቲቪ ገመድ የሚሰካበት) ነው። የስልክ መብራት አብርታችሁ ወደቡን ተመልከቱ፦ የታጠፈ ፒን፣ ዙሪያው የተቃጠለ የሚመስል ቡናማ ቅሪት፣ ገመዱ ሲነካ የሚቆራረጥ ምስል ካለ ተነካክቷል። መከፈቱ ብቻውን ነውር አይደለም። እንዲያውም አቧራው ተጠርጎ የቺፑ ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) የተቀየረለት ማሽን ካልተነካው ይሻላል። ማን እንደከፈተውና ምን እንደሠራ መልስ ሲጠፋ ነው መጠርጠር።

ከታች ባለው ሌብል ላይ ሞዴሉ አለ። ሲዩኤች (CUH)-10፣ 11 ወይም 12 ብሎ የሚጀምረው ወፍራሙ ነው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ትውልድ። 20፣ 21 እና 22 ስሊም (ቀጭኑ)፣ 70፣ 71 እና 72 ደግሞ ፕሮ (ኃይለኛው) ናቸው፤ ሁለቱም የወጡት በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። «ስሊም» ተብሎ ወፍራም የሚሸጥ ስላለ ቁጥሩን አንብቡ እንጂ ቅርፁን ብቻ አትመኑ።

ዲስካችሁን አስገቡ። ማሽኑ ራሱ ስቦ መውሰድና በአጭር ጊዜ ማንበብ አለበት። «ዲስኩ አያነብም፣ ግን በቀላሉ ይቀየራል» ከተባላችሁ ልብ በሉ፦ የፒኤስ4 ዲስክ ማንበቢያ ሰርኪዩት ከዋናው ቦርድ ጋር የተጣመረ ነው። ከሌላ ማሽን የተነቀለ ማንበቢያ ሰርኪዩቱን ጭምር ይዞ ቢገባ ጌም አያነብም፣ የሲስተም አፕዴትም እምቢ ይላል። የተጣመረው ሰርኪዩት ወደ አዲሱ ማንበቢያ ተዛውሮ ሲገጠም ብቻ ነው የሚሠራው።

ከዚያ ከባድ ጌም ከፍታችሁ ተጫወቱ። በ10 ደቂቃ ፋኑ እንደ አውሮፕላን መጮህ ከጀመረ አቧራ ወይም የደረቀ ፔስት ነው፤ ይህ በጥቂት ብር ይታከማል፣ ዋጋ መቀነሻ ይሁናችሁ። ሞቋል የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱን ካጠፋ ግን ተነሱ። ከጌም ቤት የወጣ ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ሽፋኑ ስለተወለወለ አዲስ አይሆንም። የአየር ማውጫውን ደግሞ አሽትቱ። ፒኤስ4 ሞቅ ያለና ጨለማ ስለሆነ በረሮ ይወደዋል፤ ውስጡ ገብቶ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሲሞት ሾርት ያደርገዋል። በክረምት እርጥበት ላይ ሲደመር ይብሳል። ሽታውን ሰው አንዴ ካወቀው አይረሳውም።

ጆይስቲክ ላይ ብዙ አትከራከሩ፣ ፈትኑት። ገበያ ላይ «ኦርጅናል» የሚባለው አብዛኛው ኮፒ ነው፣ ከሳጥኑ እስከ አርማው ተመስሎ የተሠራ። ኢርፎኑን ጆይስቲኩ ላይ ሰኩና ድምፅ ይሰማ እንደሆነ እዩ። የጽሑፍ ሰሌዳ ከፍታችሁ የቀኙን ስቲክ ወደ ውስጥ ስትጫኑ ጆይስቲኩን በማዘንበል ብቻ ፊደል መምረጥ መቻል አለበት። ብዙ ኮፒዎች እነዚህ ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ምርጫው ራሱ ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ስቲኩ አልቋል። የኦርጅናሉ ባትሪ 1000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲሆን የኮፒው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። አንድ ጥቃቅን ነገር ግን ሰውን በከንቱ የሚያጣላ አለ፦ አዲስ ጆይስቲክ ከማሽኑ ጋር የሚተዋወቀው በገመድ ነው፣ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ የስልክ ገመድ ደግሞ አያስተዋውቅም። «ጆይስቲኩ አይሠራም» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ገመድ ቀይሩ።

ኤሌክትሪክ ላይ ሁለት ነገር። ከአሜሪካ የመጣ ኤክስቦክስ 360 (የማይክሮሶፍት የጌም ማሽን) ካጋጠማችሁ ውጭ ያለውን ትልቅ አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ፤ 100-127 ቮልት ከሚል 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፣ ሻጩም «ስትሰኩት ነው የተቃጠለው» ይላችኋል። ሁለተኛው፣ ፒኤስ4 ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ መብራት ሲሄድበት ይጎዳል። ሲነሳ ሲኢ (CE)-34335-8 የሚል ኮድ ካመጣ ዲስኩን ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። ስሊሙ ቢበዛ 165 ዋት ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ 650 ቪኤ የሚባለው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) እሱንና አንድ ኤልኢዲ ቲቪን በሥርዓት አጥፍታችሁ ለመነሳት የሚበቃ ደቂቃ ይይዝላችኋል። ለፕሮ (310 ዋት) አይበቃም። ዲቫይደር ላይ የተጻፈውን «ሰርጅ» አትመኑት።

ቤታችሁ ያለው ቲቪ አሮጌው፣ ቢጫ ቀይ ነጭ የሚሰካበት ከሆነ ፒኤስ4 ቀጥታ አይገባበትም። ሻጩ «ኮንቨርተር አለ» ይላል፣ አለም፤ ግን ጽሑፉ አይነበብም፣ ምስሉም ጆይስቲኩን ተከትሎ ዘግየት ይላል። ጥቁር ስክሪን ካመጣ ሴቲንግስ ሲስተም ውስጥ ኤችዲሲፒ (HDCP፣ የምስል ቅጂ መከላከያ) የሚለውን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ለእግር ኳስ ጌም ግን ያ መዘግየት ጎል ያስቆጥራል፣ እናንተ ላይ።

ፒኤስ5 ለምትፈልጉ በአጭሩ። ዲጂታሉ የዲስክ መግቢያ የለውም። የመጀመሪያው ትውልድ ዲጂታል በኋላ ሊገጠምለት አይችልም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ቀጭኑ ይገጠምለታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም ግን ኢንተርኔት የግድ ነው። የፒኤስ4 ጆይስቲክ አላችሁ ብላችሁ አንዱን አትቀንሱ፤ ፒኤስ5 ላይ የሚያጫውተው የፒኤስ4 ጌሞችን ብቻ ነው። ውጪ የሚሰካ ሃርድ ዲስክም የፒኤስ5 ጌም ያስቀምጣል እንጂ አያጫውትም።

«ጂኤስ5» ወይም ፒኤስ5 የሚመስል ነጭ ሳጥን፣ «10 ሺህ ጌም፣ 4ኬ» የሚሉ ጌም ስቲኮችም በዚሁ ገበያ አሉ። መጫወቻ ናቸው። ጌሞቹ የድሮ ዘመን ናቸው፣ አንዱ በተለያየ ስም እየተደጋገመ ይቆጠራል፣ ሚሞሪ ካርዱ ሲበላሽ ሁሉም ይጠፋል። ለ6 ዓመት ልጅ ስጦታ ይሆናል፤ በኮንሶል ዋጋ ግን አይሆንም።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላካል ለሚል ሻጭ ቀብድ በቴሌብር አትላኩ። 350 ኪሎ ሜትር ርቆ የመጣ ሳጥን ጅማ መናኸሪያ ሲከፈት ውስጡ ምን እንዳለ ስታዩ ገንዘባችሁ ቀድሞ ሄዷል። አዲስ አበባ ዘመድ ካለ እሱ ሄዶ ይሞክረው፣ የ40 ደቂቃውን ሙሉ። ከሱቅ ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚሰጣችሁ መብት ነው። ደረሰኙ ላይ «ጌም ማሽን» ብቻ ሳይሆን ሞዴሉና ከታች ያለው ሲሪያል ቁጥር ይጻፍ፤ ጆይስቲኮቹም ኦርጅናል ከተባሉ «ኦርጅናል» ተብሎ ይጻፍ። ብዙ ሻጭ ዋጋውን የሚቀንሰው እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ ነው።