የደረት ቀበቶ፣ የክንድ ማሰሪያ ወይስ ሰዓት? ዳታውን በእጃችሁ የሚያስገባው የልብ ምት መለኪያ የቱ ነው

ከሁለት ዓመት በላይ የሮጥኩትን ሁሉ በአንድ አፕ ነበር የምመዘግበው። መሣሪያ ልቀይር ስል «ዳታህን አውርድ» የሚለውን ነካሁና ጠበቅኩ። የመጣልኝ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ቀን፣ የፈጀው ደቂቃ፣ አማካይ የልብ ምት፣ በቃ። ዳገት ላይ ምቴ እንዴት እንደወጣ፣ ስቆም በስንት ሰከንድ እንደወረደ፣ መሣሪያውን የገዛሁበት ምክንያት የሆነው ነገር በሙሉ የለም። በጣም አናደደኝ። ከዚያ ወዲህ የልብ ምት መለኪያ የሚገዛ ሰው ሲያማክረኝ ስለ ስክሪኑም ስለ መልኩም አላወራም፤ ዳታው በየት በኩል እንደሚወጣ ነው ቀድሜ የማነሳው። ይህን ንጽጽርም በዚያው ዓይን ነው የምጽፈው።

«ዳታ» ሲባል ሦስት ደረጃ አለው፣ ይህን ሳትለዩ እንዳትገዙ። የመጀመሪያው አማካይና ከፍተኛ ምት ነው። ይህን የማይሰጥ መሣሪያ የለም። ሁለተኛው በየሰከንዱ የተመዘገበ ምት ነው፣ ልምምዳችሁን በደንብ ለማየት የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። ሦስተኛው በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ክፍተት ሲሆን አርአር ይሉታል። ልባችሁ በደቂቃ 60 ጊዜ መታ ማለት በየሰከንዱ እኩል መታ ማለት አይደለም፤ አንዱ ክፍተት 0.95 ሰከንድ፣ ቀጣዩ 1.04 ሊሆን ይችላል። ስለ ድካምና ማገገም የሚወራለት ኤችአርቪ፣ ማለትም ክፍተቱ ከምት ወደ ምት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው መለኪያ፣ የሚሰላው ከዚህ ነው። የተቀመጠው አማካዩ ብቻ ከሆነ ክፍተቱን በኋላ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ።

የደረት ቀበቶ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ከቆዳ ላይ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ፍጥነት ስትቀያይሩ ቶሎ ይከተላችኋል። እኔ ግን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ቀበቶ ከአንድ ኩባንያ አካውንት ጋር አይታሰርም። ብዙዎቹ የሚናገሩት ሁሉም የሚያውቀውን የብሉቱዝ የልብ ምት ቋንቋ ነው፣ በዚህም ላይ አርአርን የሚያስተላልፉ ሞልተዋል። የፈለጋችሁት አፕ ያነበዋል፣ ፋይሉም ስልካችሁ ላይ ይቀራል፣ የአምራቹን አፕ ጭራሽ ባትጭኑም።

ከቀበቶዎች ፖላር ኤች10ን አስቀድማለሁ። ፖላር በ1977 የተመሠረተ የፊንላንድ ኩባንያ ነው፣ ገመድ አልባ የልብ ምት መለኪያን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያበቃው እሱ ነው። ኤች10 በአንድ ጊዜ ከሁለት የብሉቱዝ መሣሪያዎች ጋር ይገናኛል፤ ስልኩም ሰዓቱም አብረው ያነቡታል። አንት ፕላስ የሚባለው፣ የስፖርት መሣሪያዎች የሚገናኙበት ሌላ ገመድ አልባ መንገድ ስላለው የብስክሌት ኮምፒውተርም ይጨመራል። ባትሪው ሲአር2025 ነው፣ ኩባንያው እስከ 400 ሰዓት ይላል። ፕሮግራም መጻፍ ለምትችሉ ደግሞ ፖላር ለገንቢዎች በነጻ ያወጣው ኮድ አለ፣ በእሱ በኩል በሰከንድ 130 ጊዜ የተለካውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ራሱን ማውጣት ትችላላችሁ። ለተራ ገዢ ይህን ያህል በሩን የሚከፍት ኩባንያ ብዙ አላየሁም። ድክመቱ የውስጥ ማስታወሻው ነው። የሚይዘው አንድ ልምምድ ብቻ ነው፣ እሱንም በፖላር አፕ አስጀምራችሁ ነው። ሌላው የባትሪው ጉዳይ ነው፤ ስትጨርሱ መለኪያዋን ከማሰሪያው ካልነቀላችኋት እርጥበቱ ሥራ ላይ እንደሆነች ያስመስልባትና ባትሪዋን ትበላለች።

ታናሹ ኤች9 ማስታወሻ የለውም፣ ብሉቱዙም አንድ ግንኙነት ብቻ ነው የሚቀበለው። ሁልጊዜ ስልክ ወይም ሰዓት ይዞ ለሚሮጥ ሰው ግን ይበቃል።

ጋርሚን ኤችአርኤም-ፕሮ ፕላስ ሌላ ጸባይ አለው። ከሰዓቱ ስትርቁ ወይም ውኃ ውስጥ ስትገቡ እስከ 18 ሰዓት የሚደርስ የልብ ምት ራሱ ይይዝና በኋላ ለሰዓቱ ያስረክባል። ለዋናተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የብሉቱዝና የአንት ፕላስ ምልክት ውኃን አያልፍም። እግራችሁ መሬት ላይ ስንት ሚሊሰከንድ እንደቆየ፣ ሰውነታችሁ ስንት ሴንቲሜትር ወደ ላይና ታች እንደሚል ጭምር ይመዘግባል። ይህ ሁሉ ጥሩ የሚሆነው ግን የጋርሚን ሰዓት ሲኖራችሁ ነው። ከሌላችሁ የማትጠቀሙበትን ነገር እየገዛችሁ ነው። ልብ ምትን ብቻ ለሚፈልግ ኤችአርኤም-ዱዋል የተሻለ ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ብትጠቀሙበት ባትሪው ሦስት ዓመት ተኩል ይሄዳል ይላል አምራቹ።

እንደ ኩስፖና ማጂን ያሉ ርካሽ ቀበቶዎችስ? አትናቋቸው። ብሉቱዝም አንት ፕላስም ያላቸው አሉ። ቀድሞ የሚያረጀው ማሰሪያው ነው፣ ስለዚህ መለወጫ ማሰሪያ ለብቻው የሚሸጥለትን ምረጡ።

ቀበቶ ደረታቸውን የሚያስጨንቃቸው ሰዎች አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ለእነሱ የክንድ ማሰሪያ አለ። ይህኛው ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ የደም ፍሰቱን ነው የሚያነበው። ክንድ ከእጅ አንጓ ይልቅ ሥጋ ስላለውና ስለማይተጣጠፍ ንባቡ ከሰዓት ይሻላል። ፖላር ቬሪቲ ሴንስ እዚህ ያሸንፋል፤ ማስታወሻው እስከ 600 ሰዓት ልምምድ ይይዛል፣ ስልክ ቤት ትታችሁ ወጥታችሁ ስትመለሱ ታወርዳላችሁ፣ ለዋና ደግሞ ከመነጽር ማሰሪያ ላይ ይያያዛል። የኮሮስ የክንድ ማሰሪያ ስትለብሱት ራሱ ይበራል፣ በጣም ይመቻል። አንት ፕላስ ግን የለውም፣ የቆየ የብስክሌት ኮምፒውተር ያላችሁ አስቡበት። ኤችአርቪ የምትፈልጉ ሰዎች የክንድ ማሰሪያ አትግዙ። በእረፍት ላይ ክፍተቱን ሊገምት ይችላል፣ እንቅስቃሴ ሲጀመር ግን አይታመንም።

ሰዓት ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚገዛው ነው፣ ጥንቃቄ የሚፈልገውም እሱ ነው። አንደኛ፣ ንባቡ በብርድ፣ ማሰሪያው ሲላላ፣ ብረት ስታነሱ ይዛባል። አንዳንዴ የእርምጃችሁን ምት የልባችሁ ምት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በቀስታ እየሮጣችሁ 175 ካሳያችሁና በደቂቃ የምትረግጡትም ወደ 175 ከሆነ ጠርጥሩ። ሁለተኛ፣ ዳታው በአምራቹ ቤት ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ጥያቄው በሩ ምን ያህል ክፍት ነው የሚለው ነው።

ጋርሚን ላይ ከጋርሚን ኮኔክት ድረ ገጽ ዋናውን ኤፍአይቲ ፋይል፣ ማለትም ሰዓቱ ራሱ ልምምዱን የጻፈበትን፣ እንዳለ ማውረድ ይቻላል። ሰዓቱን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ፋይሉን ከውስጡ መቅዳትም ይቻላል። በሐምሌ ወር 2020 እንደ ፈረንጆቹ ጋርሚን በሳይበር ጥቃት ለቀናት አገልግሎቱ ሲቋረጥ ልምምዳቸውን በዚህ መንገድ ያወጡ ሰዎች ነበሩ። ለእኔ ይህ የኬብል መንገድ ብቻውን ጋርሚንን ለመምረጥ ይበቃል። የመመዝገቢያ ምርጫው «ስማርት» ላይ ከሆነ ግን በየሰከንዱ አይጽፍም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «በየሰከንዱ» በሚለው ቀይሩት።

የፖላር ድረ ገጽ ፖላር ፍሎው ቲሲኤክስ፣ ጂፒኤክስና ሲኤስቪ በሚባሉ የፋይል ዓይነቶች ያወርድላችኋል። አክሰስሊንክ የሚባለው ኤፒአዩም (ፕሮግራሞች ዳታውን በቀጥታ የሚስቡበት በር) ለማንኛውም ሰው ክፍት ስለሆነ ትንሽ ኮድ የሚጽፍ ሰው ልምምዱን በራሱ ጊዜ እየሳበ ማስቀመጥ ይችላል። የጋርሚን ኤፒአይ ግን ለተፈቀደላቸው ድርጅቶች ነው።

አፕል ዎች ሁሉንም የጤና ዳታ በአንድ ጊዜ በኤክስኤምኤል ያወጣል፣ እሱም ትልቅና ለንባብ የማይመች ፋይል ነው። አንዱን ልምምድ ለይቶ በኤፍአይቲ ለማውጣት የሌላ ገንቢ አፕ ያስፈልጋል። መንገድ የለም አልልም፣ ግን ዞር ያለ ነው። እንደ ዉፕ ያሉ በአባልነት ክፍያ የሚሠሩ አምባሮች ለእንቅልፍና ለማገገም ጥሩ ናቸው። የሚያወጡት ሲኤስቪ ግን ማጠቃለያ እንጂ ሰከንድ በሰከንድ አይደለም፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ አልመክራቸውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የፋይል ዓይነት። ጂፒኤክስ የተሠራው ለመንገድ ካርታ ነው። የልብ ምት በተጨማሪነት ነው የሚገባበት፣ አንዳንድ አፕ ጭራሽ ይጥለዋል፤ ትሬድሚል ላይ ከሮጣችሁ ደግሞ መንገድ ስለሌለ ለምንም አይሆናችሁም። ቲሲኤክስ ምቱን ይይዛል። ኤፍአይቲ ግን ሁሉንም ይይዛል፣ ሰዓቱ ኤችአርቪ እንዲመዘግብ ከታዘዘ አርአርንም ጭምር። ምርጫ ካላችሁ ሁልጊዜ ኤፍአይቲ አስቀምጡ።

እኔ ብሆን እንዲህ እገዛ ነበር። ከባዶ የምጀምር ከሆነ ኤች10 እና ስልክ። የጋርሚን ሰዓት ካለኝና ዋና የምዋኝ ከሆነ ኤችአርኤም-ፕሮ ፕላስ። ቀበቶ የማልችል ከሆነ ቬሪቲ ሴንስ። አፕል ዎች ቀድሞ እጄ ላይ ካለ ሌላ ሰዓት አልገዛም፤ ቀበቶ በብሉቱዝ አገናኝበታለሁ፣ ምቱን ቀበቶው ይለካል፣ ሰዓቱ ይመዘግባል።

የቱንም ግዙ፣ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ አንድ ልምምድ ሠርታችሁ ፋይሉን አውርዱ። እንደ ጎልደን ቺታ ባለ ነጻ ፕሮግራም ክፈቱትና ስንት መስመር የልብ ምት እንዳለው ቁጠሩ። ለ30 ደቂቃ ሩጫ ወደ 1800 መስመር መሆን አለበት። ሠላሳ መስመር ብቻ ካገኛችሁ መልሱት።