የተፈጨ ሥጋ የስብ መለኪያ፦ የትኛው ይሻላችኋል?

የስብ መለኪያ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር አስቡ፦ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትለኩት?

በቀን ብዙ ዙር የምትፈጩ ከሆነ የኢንፍራሬድ ማሽኑን ነው የምመክረው። ናሙናው ሳህን ላይ ይሞላል፣ ብርሃን ያልፍበታል፣ በአንድ ደቂቃ አካባቢ የስቡን፣ የውሃውንና የፕሮቲኑን መጠን ያሳያችኋል። ኬሚካል አይፈልግም፤ ሠራተኛም ቶሎ ይለምደዋል። ግን ስቡን በቀጥታ አይመዝንም። የስብ መጠናቸው አስቀድሞ በላቦራቶሪ ከታወቀ ናሙናዎች ጋር እያመሳከረ ይገምታል እንጂ። ስለዚህ ሻጩን አጥብቃችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም ማሽኑ በየትኞቹ ናሙናዎች እንደተስተካከለ ነው። ለበሬ ብቻ ነው ወይስ ለበግና ለዶሮም? እስከ ስንት ፐርሰንት ስብ ድረስ? ቅመም የገባበትንስ ያውቀዋል? ከዚያ ውጭ የሆነ ሥጋ ብታስገቡም ቁጥር ማውጣቱ አይቀርም። ችግሩ ቁጥሩ አያስተማምንም።

ብዙ ዓይነት ሥጋ የምትቀያይሩ ከሆነ ኤንኤምአር የሚባለውን እዩት። ናሙናው በማይክሮዌቭ ይደርቅና በማግኔት ይለካል። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ የሥጋው ዓይነት መለዋወጥም ያን ያህል አያስቸግረውም። የሚወስደው ግን ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ ናሙናው በጣም መላም አለበት። የኤክስሬይ መስመር ደግሞ የትልልቅ ፋብሪካ ነገር ነው። ያለፈውን ሥጋ በሙሉ ስለሚያይ የናሙና ጣጣ የለበትም።

የእነዚህ ሁሉ ዳኛ ላቦራቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ለወተት ስብ የተሠራው የሶክስሌት ዘዴ እስካሁን አለ። የደረቀው ሥጋ ስብን በሚያሟሟ ኤተር በሚባል ፈሳሽ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ኤተሩ ሲተን የቀረው ስብ ይመዘናል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ኤተር ደግሞ እሳት ቶሎ ይይዛል። ይህን መሣሪያ ገዝታችሁ ሥጋ ቤት አታስገቡ፤ ናሙና መላክ ይበቃል። ውጤቱ ሲመጣ «ነፃ ስብ ነው ወይስ ጠቅላላ ስብ?» በሉ። ጠቅላላውን ለማግኘት ከሌላው ነገር ጋር የተጣበቀው ስብም እንዲላቀቅ ሥጋው መጀመሪያ በአሲድ ይፈላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ላይገጥሙ ይችላሉ። ገርበር የሚባለው ዘዴ ፈጣንና ርካሽ ነው፣ ግን ያልቀጠነ፣ ኃይለኛ ሰልፈሪክ አሲድ ይጠቀማል። ሥልጠና የሌለው ሰው ባይነካው እመርጣለሁ።

አልፎ አልፎ ለምትለኩ ጥሩ ሚዛንና ማድረቂያ ምድጃ ይበቃል። ስብ የሌለው ጥሬ ሥጋ ወደ 76 ፐርሰንት ገደማ ውሃ ነው። ናሙናው ደርቆ የጠፋው ውሃ 60 ፐርሰንት ከሆነ፣ 60 ለ0.76 ሲካፈል 79 ገደማ ይሆናል። ይህ ስብ የሌለው ክፍል ነው፤ የቀረው 21 ፐርሰንት ገደማ ስቡ ነው ማለት ነው። ግምት ነው፤ ውሃ ወይም አኩሪ አተር በተጨመረበት ሥጋ ላይ ግን ጭራሽ አይሠራም።

የትኛውንም ብትገዙ ውጤቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ናሙናው ነው። አምስት ግራም ውስጥ አንዲት የጮማ ቁራጭ ከገባች ቁጥሩ ይዘላል። ከተለያየ ቦታ ውሰዱ፣ ቀላቅሉ፣ በመፍጫው ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ወንፊት እንደገና ፍጩት። ሥጋው ቀዝቃዛ ይሁን። ከሞቀ ስቡ ማሽኑ ላይ ይለጠፍና ናሙናው ከእውነቱ ያነሰ ስብ ያሳያል።

ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ሥጋ ይዛችሁ ሂዱ። ከሲታውንም ጮማ የበዛበትንም። አንዱን ቅልቅል ሳህኑን እያራገፋችሁና እንደገና እየሞላችሁ ደጋግማችሁ አስለኩ። ከዚያው ቅልቅል የተወሰነውን ለላቦራቶሪ ላኩ። ቁጥሩ ሳህኑ በተሞላ ጊዜ ሁሉ የሚዋዥቅ ከሆነ ያን ማሽን ተዉት። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከላቦራቶሪው የሚርቅ ከሆነ ግን ካሊብሬሽኑ ይስተካከላል፤ ሻጩ እስኪያስተካክለው ድረስ ገንዘቡን አትልቀቁ።